መስጠት ዕዳ ነው ወይስ ቸርነት?

መስጠት መልካም መሆኑን ከእናቱ ጉልበት ጀምሮ ያልሰማ ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ «ወጣቶች ሆይ፣ ስጡ» ቢል ቀለሙንና ወረቀቱን በከንቱ ጨረሰ እንጂ አዲስ ነገር አልተናገረም። እኔ ልጠይቅ የምፈልገው ከዚያ ወረድ ብሎ ያለውን ነገር ነው። ሰው ሲሰጥ የራሱን ገንዘብ ነው የሚሰጠው፣ ወይስ የሌላውን ገንዘብ ነው የሚመልሰው? የሰጠ ሰው ምስጋና ይገባዋልን፣ ወይስ ዕዳውን እንደ ከፈለ ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መግባት ይገባዋል?

ይህን ጥያቄ በልቤ ያሳደረብኝ አንድ አሮጌ ኮት ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ከሕንድ አገር የመጡ መምህራን በየትምህርት ቤቱ ብዙ ነበሩ። እኛን ሒሳብ ያስተማሩን ሰው ከደቡብ ሕንድ የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሥጋ የማይቀምሱ ሂንዱ ነበሩ። «በጾሙ ወራት ከእኛ ጋራ ይጾማሉ፤ በፍስኩ ወራት ብቻቸውን ይጾማሉ» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። በክፍላችን ደግሞ ከገጠር የመጣ አንድ ልጅ ነበረ፤ በኅዳር ብርድ በአንድ ሸሚዝ ይመጣል። ለእኔ አዲስ ኮት ተገዝቶልኝ ስለ ነበር አሮጌውን አመጣሁለት፤ ክርኑ የተቀደደ፣ ከአራቱ ቍልፎች ሦስቱ የረገፉ ኮት ነው። የሰጠሁትም ጓደኞቼ በተሰበሰቡበት፣ መምህሩም ወደ ክፍል በሚገቡበት ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ ኮቱን ግን አንድ ቀን እንኳ ለብሶ አልመጣም። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ተናደድሁና ለመምህሩ «ምስጋና ቢስ ነው» ብዬ ከሰስሁት። እርሳቸውም ሳይቈጡኝ «ኮቱ ስንት ቍልፍ ነበረው?» ብለው ጠየቁኝ። «አንድ» አልሁ። ከዚህ በኋላ ስለ ላሞች የሚናገር አንድ ታሪክ ነገሩኝ።

በጥንት ዘመን በሕንድ አገር ቫጃሽራቫሳ የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው የሰማይን ዋጋ ፈልጎ ያለውን ሀብት ሁሉ የሚሰጥበት ታላቅ መሥዋዕት አደረገ። ለካህናቱ የሚሰጡት ላሞች ሲነዱ ናቺኬታስ የሚባለው ልጁ ቆሞ ይመለከት ነበር። ላሞቹ አርጅተዋል፤ ሣር መጋጥ፣ ውሃ መጠጣት የተሳናቸው፣ ጡታቸው የነጠፈ፣ ከእንግዲህ ወዲህም የማይወልዱ ናቸው። ልጁ አባቱ በዚህ ስጦታ ደስታ ወደሌለበት ዓለም እንደሚወርድ ገባውና ጭንቅ ያዘው። ልጅ ነውና አባቱን በግልጥ ሊገሥጸው አልቻለም፤ ነገር ግን እርሱም ራሱ ከአባቱ ሀብት አንዱ መሆኑን አስቦ «አባቴ ሆይ፣ እኔንስ ለማን ልትሰጥ ነው?» አለው። አባትየው ዝም አለ። ሁለተኛ ጠየቀው፤ አሁንም ዝም አለ። ሦስተኛ ቢጠይቀው ተቈጥቶ «ለሞት ሰጥቼሃለሁ» አለው።

ልጁም የአባቱን ቃል ይዞ የሞት ንጉሥ ወደ ሆነው ወደ ያማ ቤት ወረደ። ያማ በቤቱ አልነበረምና ናቺኬታስ እህል ሳይቀምስ ሦስት ሌሊት አደረ። ያማ ተመልሶ በቤቱ ያልተስተናገደ እንግዳ ማደሩን በሰማ ጊዜ ደነገጠ። አስተውሉ፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሞት፣ እርሱ በተራው በደጁ ተርቦ ያደረን እንግዳ ፈራ። ለሦስቱ ሌሊት ካሣ ሦስት ነገር ምረጥ አለው፤ ልጁም ከሁሉ አስቀድሞ የለመነው የአባቱ ቍጣ እንዲበርድ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ ስለ ነፍስና ስለ ሞት የሚናገር ጥልቅ ትምህርት ነው፤ እኔ ግን በዚያን ቀን ከላሞቹ ወዲያ የሰማሁት ነገር አልነበረም። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፍሬ ነበር።

ታሪኩ የሚገኘው ዕድሜው ከሁለት ሺህ ዓመት በማያንሰው በካታ ኡፓኒሻድ ውስጥ መሆኑን ያወቅሁት አድጌ መጻሕፍትን መመርመር ከጀመርሁ በኋላ ነው። ሂንዱዎች ለሃይማኖት ብለው የሚሰጡትን ስጦታ «ዳና» ይሉታል። ስለዚህ ነገር ያልተናገረ ጥንታዊ መጽሐፍ የላቸውም ለማለት ይቻላል። ብሪሃዳራንያካ የሚባለው ኡፓኒሻድ እንደሚተርከው፣ አማልክትና ሰዎች አጋንንትም የአንድ አባት የፕራጃፓቲ ልጆች ነበሩና ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ የመጨረሻ ቃል እንዲነግራቸው ለመኑት። እርሱም ለሦስቱም «ዳ» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ ሰጣቸው። አማልክቱ ተድላ የለመዱ ስለ ነበሩ በሳንስክሪት ቋንቋ «ራሳችሁን ግዙ» የሚለውን ቃል ሰሙባት፤ አጋንንቱ ጨካኞች ስለ ነበሩ «ራሩ» የሚለውን ሰሙ፤ ሰዎቹ ግን «ስጡ» የሚለውን ሰሙ። ሦስቱም ቃላት በዚያ ቋንቋ በ«ዳ» የሚጀምሩ ናቸው። ነጐድጓድም «ዳ፣ ዳ፣ ዳ» እያለ እስከ ዛሬ ይህንኑ ይደግማል ይላሉ። እያንዳንዱ ወገን የሰማው የጐደለውን ነገር መሆኑ ያስደንቀኛል። የሰው ጕድለት ሁሉን ወደ ራሱ መሰብሰብ ነውና ነጐድጓዱ ለእርሱ ስጥ ይለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሻታፓታ ብራህማና የሚባለው የመሥዋዕት መጽሐፍ፣ ሰው ገና ሲወለድ ባለዕዳ ሆኖ ይወለዳል ይላል። ለአማልክት ዕዳ አለበት፤ በመሥዋዕት ይከፍለዋል። ለጥንት ጠቢባን ዕዳ አለበት፤ በመማር ይከፍለዋል። ለአባቶቹም ዕዳ አለበት፤ ልጅ በመውለድ ይከፍለዋል። አራተኛው ዕዳ የሰው ልጆች ነው፤ ይህም የሚከፈለው እንግዳ በመቀበልና በማብላት ነው። እንግዲህ በዚህ ትምህርት መሠረት ለራበው ሰው እንጀራ የሰጠ ከዕዳው ጥቂቱን ከፈለ እንጂ ቸርነት አላደረገም። ባለዕዳ ዕዳውን ሲከፍል ከበሮ አያስመታም፤ አበዳሪውንም አመስግነኝ አይለውም።

ስለ አሰጣጥ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ታይቲሪያ በሚባለው ኡፓኒሻድ ውስጥ ያለው ምክር ነው። ምክሩን የሚናገረው ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ዓለም የሚወጣውን ተማሪ የሚያሰናብት መምህር ነውና በተለይ ለእናንተ ለወጣቶቹ የተጻፈ ይመስለኛል። መምህሩ ስጥ ብሎ አያበቃም፤ እንዴት እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። በእምነት እንዲሰጥ፣ እንደ አቅሙ አትረፍርፎ እንዲሰጥ፣ በማስተዋል እንዲሰጥ ይመክረዋል፤ በመካከሉም በኀፍረትና በፍርሃት እንዲሰጥ ያዘዋል። ኀፍረት የተቀባዩ ነገር ይመስለን ነበር። መጽሐፉ ግን ኀፍረቱን ከተቀባዩ ትከሻ አንሥቶ በሰጪው ላይ አኖረው። ስለ ምን ያፍራል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ወንድሙ ባዶ እጁን ቆሞ እርሱ ሙሉ እጁን በመቆሙ ያፍራል፤ ደግሞም የሰጠው ከቀረው ጋራ ሲተያይ ትንሽ ስለ ሆነ ያፍራል።

ባጋቫድ ጊታም ስጦታን በሦስት ይከፍለዋል። መስጠት ስለሚገባ ብቻ፣ ውለታ ለማይመልስ ሰው፣ በቦታውና በጊዜው የተሰጠ አለ፤ ይህ ንጹሕ ነው። ውለታ ወይም ዋጋ ታስቦበት፣ ወይም እየቈረቈረ የተሰጠ አለ። የመጨረሻውና የጨለማው ያለ ቦታው፣ ያለ ጊዜው፣ ያለ አክብሮት፣ በንቀት የተሰጠው ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ኮቴን በየትኛው ልመድበው ብዬ አሰብሁ። ክፋቱ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ይመደባል።

ወጣት አንባቢዬ፣ «እንግዲያስ ብዙ የሰጠ ብዙ ከፈለ» ትል ይሆናል። በዚህ ነገር ላይ ሁለት ታሪክ ላሳይህ።

አንደኛው በታሪክ የታወቀ ነው። በሰሜን ሕንድ ከ606 እስከ 647 ዓ.ም. የነገሠው ሃርሻ፣ የጋንጌስና የያሙና ወንዞች በሚገናኙበት በፕራያግ በየአምስት ዓመቱ ታላቅ የስጦታ ጉባኤ ያደርግ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ643 ዓ.ም. የተደረገውን ሹዋን ዛንግ የተባለው ቻይናዊ መነኵሴ በዓይኑ ተመልክቶታል። ንጉሡ በአምስት ዓመት የተከማቸውን ግምጃ ቤት ለቡድሃ መነኮሳት፣ ለብራህሚን ካህናት፣ ለሌሎች ሃይማኖተኞች፣ ለድኾችና ለሙት ልጆች አከፋፈለ፤ በመጨረሻም የአንገቱን ዕንቍና የለበሰውን ልብስ ሰጥቶ ከእኅቱ ያረጀ ልብስ ለምኖ ለበሰ። ይህ ድንቅ ነገር ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም፤ የዘመኑ ነገሥታት ሁሉ ይህን ያህል ያደረጉ አይደሉም። ነገር ግን የመነኵሴው ታሪክ ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ይጨምራል። ለመንግሥቱ ጥበቃ የሚያስፈልጉት ፈረሶችና ዝሆኖች የጦር መሣሪያውም አልተሰጡም። ደግሞም ጉባኤው ሲያበቃ የገበሩለት ነገሥታት የንጉሡን ጌጥና ልብስ በገንዘባቸው እየዋጁ መልሰው አመጡለት። ሃርሻ የሰጠው ሁሉን ነው፤ ያስቀረው ግን ሁሉን መልሶ የሚያመጣለትን ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በታላቁ ተረክ በማሃባራታ መጨረሻ አካባቢ ይገኛል። ንጉሥ ዩዲሽቲራ ታላቁን ጦርነት ድል ካደረገ በኋላ የፈረስ መሥዋዕት አቀረበና ወርቅ እንደ ውሃ አፈሰሰ። ሕዝቡ ሲያደንቅ፣ እባብ የምትገድለዋ ትንሽ አውሬ፣ በእኛ አገር ሙጭልጭላ የምትባለው ዓይነት፣ ከጕድጓዷ ወጥታ በጉባኤው መካከል ቆመች። የአካሏ እኵሌታ ወርቅ ነው። በሰው ቋንቋም «ይህ ሁሉ መሥዋዕታችሁ የአንድ ድኻ ብራህሚንን አንድ ስፍር በሶ አያህልም» አለች።

ምክንያቷን ሲጠይቋት እንዲህ ብላ ተረከች። በኩሩክሼትራ ምድር እንደ ርግብ የወደቀ እህል እየለቀመ የሚኖር ሰው ከሚስቱ፣ ከልጁና ከልጁ ሚስት ጋራ ነበረ። በራብ ዘመን ከብዙ ቀን በኋላ ጥቂት ገብስ አገኙና ቈልተው ፈጭተው በሶ አደረጉት፤ ለአራት ተካፍለው ሊበሉ ሲቀመጡ እንግዳ መጣ። አባወራው ድርሻውን ሰጠው፤ እንግዳው በልቶ አልጠገበም። ሚስትየዋ ድርሻዋን ሰጠች፤ አልጠገበም። ልጁ ሰጠ፤ በመጨረሻም የልጁ ሚስት ሰጠች። ባልና ሚስቱ በራብ የደከሙ ሽማግሎች ነበሩና አንዱ ሌላውን «አንተስ ተው፣ አንቺስ ተዪ» እያለ ይከለክል ነበር። እንግዳው ራሱ የጽድቅ አምላክ ነበረና አራቱንም ወደ ሰማይ ወሰዳቸው። አውሬዋም ከጕድጓዷ ወጥታ በወደቀው ፍርፋሪ ላይ ብትንከባለል ፍርፋሪው የነካው አካሏ ወርቅ ሆነ። ከዚያ ጀምሮ የቀረው እኵሌታዬ ወርቅ ይሆናል ብላ ነገሥታት መሥዋዕት በሚያቀርቡበት ሁሉ ትዞራለች፤ በዩዲሽቲራም ግምጃ ቤት ፍርፋሪ ላይ ተንከባለለች፤ አንዲት ፀጕሯ እንኳ አልተለወጠችም።

ይህን ታሪክ ያስቀመጡት ሰዎች ከነገሥታት ወርቅ የሚቀበሉ ብራህሚኖች መሆናቸውን ሳስብ ድፍረታቸውን አከብራለሁ። የነገሥታቱ ስጦታ አንዳንዴ ከመጠን ያለፈ ነበርና፤ ንጉሡ በሚዛን በአንዱ ወገን ተቀምጦ በሌላው ወገን ክብደቱን የሚያህል ወርቅ ይጫንና ለካህናት ይከፋፈል ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ደረስን። ስጦታው ለማን ይሰጥ? የሂንዱ ሕግ መጻሕፍት ለስጦታ የሚገባውን ሰው «ፓትራ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ዕቃ ማለት ነው፤ መልካም ወተት በተሰነጠቀ ገንቦ አይፈስምና። የተማረውና ሥርዓት ጠባቂው ብራህሚን ከሁሉ የበለጠ ዕቃ ተደርጎ ተቈጠረ። ነገር ግን እነዚያው መጻሕፍት ተቀባዩን ያስፈራሩታል፤ የማኑ ሕግ ብራህሚን ስጦታ መቀበል ቢፈቀድለትም በመቀበል የነፍሱ ብርሃን ፈጥኖ እንደሚጠፋ ይናገራል። የሰጪው ኀጢአት ከስጦታው ጋራ ወደ ተቀባዩ ይሻገራል የሚል እምነትም አለ። በባናራስ ከተማ ለሙታን የሚሰጠውን አልጋና ልብስ የሚቀበሉ ካህናት አሉ፤ ሕዝቡ ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን እንደ ክፉ ምልክት ቈጥሮ ይርቃቸዋል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ እንግዳ ነገር መሰለኝ። ኋላ ግን ያንን ልጅ አሰብሁ፤ እኔ ኮቱን ስሰጠው የከንቱ ውዳሴዬን ሸክም አብሬ አሸክሜው ነበር። የተቀበሉት ነገር መርዝ ሊሆን እንደሚችል የተቀበለ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ሰጪው ነው።

እህልን በተመለከተ ግን ልማዱ ይለያል፤ ለእህል የሚገባው የራበው ሁሉ ነው ይላሉና። ውሃም እንዲሁ ነው፤ ጕድጓድ መቈፈር፣ ኵሬ ማሠራት፣ ለመንገደኛ ጥላ የሚሆን ዛፍ መትከል ከታላላቅ የጽድቅ ሥራዎች ይቈጠራሉ። ቃሉ ይህን ያህል ያማረ ነው። ሥራውስ? በምዕራብ ሕንድ በማሃድ ከተማ የሕዝብ የሆነ ኵሬ ነበረ። ከብትም ይጠጣበታል፤ «የማይነኩ» የተባሉት ወገኖች ግን ሊጠጡበት አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1924 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ ለሁሉ ይከፈት ብሎ ወሰነ፤ ውሳኔው ወረቀት ሆኖ ቀረ። በመጋቢት 1927 ዓ.ም. ከዚያው ወገን የተወለደው የሕግ ሊቅ ቢምራኦ አምቤድካር ብዙ ሕዝብ አስከትሎ ወርዶ ከኵሬው ውሃ ጠጣ። በዚያው ቀን ተደበደቡ፤ ኵሬውም ረከሰ ተብሎ በላም ወተትና እበት፣ በሽንቷም እንደ ሥርዓቱ ተቀደሰ። አምቤድካር በ1950 ዓ.ም. የጸናውን የሕንድን ሕገ መንግሥት ካዘጋጁት ዋናው ነው፤ አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አለመነካት የሚባለውን ልማድ ሽሮታል። የማሃድ ሰዎች ውሃ ስጡን ብለው አልለመኑም። ውሃው የእነርሱም ነበርና ሄደው ጠጡ። ከማንኛውም ምጽዋት ይልቅ ይህ ነገር ዕዳና ቸርነት የሚለያዩበትን ድንበር አሳይቶኛል።

ከነጻነት በኋላም ጥያቄው በመሬት ላይ ተነሣ። የጋንዲ ደቀ መዝሙር ቪኖባ ባቬ በቴላንጋና ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ በተነሡበት ጊዜ በእግሩ ወደዚያ ሄደ። በ18 ሚያዝያ ወር 1951 ዓ.ም. ፖቻምፓሊ በምትባል መንደር መሬት የሌላቸው አርባ ቤተሰቦች ሰማንያ ኤክር ቢገኝልን እንኖራለን አሉት። ማን ይሰጣል ብሎ ቢጠይቅ ከመንደሩ አንድ ባለርስት ተነሥቶ መቶ ኤክር እሰጣለሁ አለ፤ ይህም በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ያህል ነው። ከዚያ ጀምሮ ቪኖባ ከአሥር ዓመት በላይ አገሩን በእግሩ እየዞረ መሬት ለመነ። የአለማመኑ ዘዴ ይደንቃል፤ አምስት ልጅ ያለውን ሰው «እኔን ስድስተኛ ልጅህ አድርገኝና ድርሻዬን ስጠኝ» ይለው ነበር። ልጅ ምጽዋት አይቀበልም፤ ርስቱን ይካፈላል። የጥንቱ ሊቅ ሻንካራ ዳናን ማካፈል ብሎ መተርጐሙን እየጠቀሰ፣ የምጠይቀው ቸርነት አይደለም፣ ክፍያ ነው ይል ነበር።

ውጤቱን ሳልደብቅ ልናገር። የተመኘው አምሳ ሚሊዮን ኤክር ነበር፤ የተገኘው ከአራት ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከዚያም ብዙው ድንጋያማ፣ ውሃ የማያገኝ፣ ወይም በክርክር የተያዘ ሆነ፤ ለድኾች ሳይደርስ የቀረውም ጥቂት አይደለም። የቫጃሽራቫሳ ላሞች መሬት መስለው ተመለሱ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች በቪኖባ ይሣቃሉ። እኔ አልሥቅበትም፤ አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ ያን ያህል መሬት ከሰው እጅ ያስለቀቀበት ሌላ ዘመን አላውቅምና። ነገር ግን ባለዕዳው ዕዳውን ራሱ የሚመርጥ ከሆነ የሚመርጠው ያረጀችውን ላም ነው፤ ስለዚህ ሕግ የሚሰበስበው ዕዳ መኖር አለበት እላለሁ። በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሲወጡ ይህንኑ ይሉ ነበር፤ የለመነ ሰው በሰልፍ አይወጣም። ሕግ ግን ማክበርን ሊያዝ አይችልም፤ ሸንጎ ክፈል ብሎ ይፈርዳል፣ እፈር ብሎ አይፈርድም። የታይቲሪያው መምህር ለተማሪው የተናገረው ነገር ከሕግ በኋላም ሳይከፈል የሚቀረውን ነው።

ኮቱን የተቀበለኝን ልጅ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሁለታችንም ከሸመገልን በኋላ፣ በአንድ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ጐን ለጐን ተቀምጠን የጥንቱን ስናነሣ ልቤ አላስቀምጥ አለኝና የኮቱን ነገር አነሣሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። እርሱ ግን ሣቅ አለና «ሌሊት ሌሊት እለብሰው ነበር እኮ» አለኝ። «የተከራየሁት ክፍል ብርዱ አይጣል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በእርሱ ነው የተኛሁት። ቀን ግን እንዴት አድርጌ ልልበሰው? ኮቱን ሁሉም ያውቀው ነበር።»